ረቡዕ ከሰዓት የማን ነው?

በአንድ የክልል ከተማ ባለ አነስተኛ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ረቡዕ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለም። ሰዓቱ ለተማሪዎች ክበባት የተተወ ነው። ዘንድሮ ግን «ሰዓቱ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል፣ 14ቱ ክበባትም ወደ 3 ይጠቅለሉ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን የሚደግፉት በኮሌጁ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ መምህር ናቸው። የምትቃወመው ከዚያው ኮሌጅ ተመርቃ ገጠር የምታስተምር መምህርት ናት፤ በተማሪነቷ የሚኒ ሚዲያና የሴቶች ክበብ አባል ነበረች።

መምህሩ፦

ከዝርዝሩ ልጀምር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፀረ ኤድስ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ሥነ ሕዝብ፣ ሚኒ ሚዲያ እያለ እስከ 14 ይወርዳል። የኮሚቴዎቹን ስም ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ ግን የአንዱ ሊቀመንበር የሌላው ጸሐፊ፣ የሌላው ጸሐፊ የሦስተኛው ገንዘብ ያዥ ነው። ያው ስድስት ሰባት ልጆች ናቸው የሚዞሩት። ብዙ ሺህ ተማሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ 14 ክበብ ቢያቋቁም ሰው አያጣም። እኛ ጋ ግን ከየት ይምጣ?

ክበባቱ ዓመቱን ተኝተው ይከርሙና ቀናቸው ሲደርስ ይነቃሉ። ኅዳር 22 የፀረ ኤድስ ሻማ ይበራል፣ ኅዳር 30 የፀረ ሙስና ባነር ይሰቀላል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ይከበራል። ባነሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በፓርከር ተጽፎበታል፤ የአምናው ነው። ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሱፐርቪዥን የመጣ ዕለት «ክበባት ተቋቁመዋል» የሚለው ላይ ራይት ይደረጋል። በቃ።

እኔ ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ ይህ ነው። «ግማሽን ለሩብ አካፍሉ» ስላቸው «አንድ ስምንተኛ» የሚሉኝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አሉ። እነዚህ ልጆች በሚቀጥለው መስከረም ክፍልፋይ ሊያስተምሩ ነው። ቁጭ ብዬ ወረቀት አጥፌ፣ ብርቱካን ቆርጬ ላሳያቸው ብል ሁሉም ዲፓርትመንት በአንድ ጊዜ ነጻ የሚሆንበት ሰዓት ረቡዕ ከሰዓት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለክበብ ተሰጥቷል። ክበቡ የለም፤ ሰዓቱ ግን ተይዟል።

መምህርቷ፦

መምህር፣ በባነሩ አልከራከርዎትም፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የሚመረቁት ልጆች መስከረም ላይ የሚጠብቃቸው ክፍልፋይ ብቻ አይደለም። እኔ ስመደብ ርእሰ መምህሩ ከክፍል ድልድሉ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ፤ «የሚኒ ሚዲያና የሥነ ምግባር ክበብ ተጠሪ» ይላል። ከእኔ ጋር የተመደቡትም እንደዚሁ። አዲስ መምህር ሲመጣ ነባሮቹ ቀድመው የሚያሸክሙት ክበብን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ ኮሌጃችን ውስጥ የለም። ያ ረቡዕ ከሰዓት ባይኖር ወረቀቱን ይዤ የት እገባ ነበር?

የተማርኩት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሞንታርቦ ነበረን፤ ገመዱን በጣት ደግፈው ካልያዙት ድምፁ ይቆረጣል። ስለዚህ አንዱ ሲያነብ ሌላው ገመድ ይዞ ይቆማል። መጀመሪያ ዜና ሳነብ ወረቀቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ገመድ ያዡ የሁለተኛ ዓመት ልጅ «ከማይኩ ራቅ በይ፣ ጳውሎስ ስትይ ይተኩሳል» አለኝ። ዛሬ ተማሪዎቼን በሰልፍ ሰዓት ማይክ ሳስይዝ የምላቸው ይህንኑ ነው። ማይክሮ ቲቺንግ በሚባለው የማስተማር ልምምድ ላይ ያቆማችሁን በጓደኞቻችን ፊት ነው፤ ውጤት ስላለው ሁሉም ጨዋ ሆኖ ይሰማል። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ የተበተነ ተማሪ ግን ካልጣመው ያፏጫል። ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል የገባሁ ቀን የጠቀመኝ ያ ፉጨት ነው።

ሌላም አለ። ተማሪው አብዛኛው ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። ከቤት የመጣው ብር ወር ሳይሞላ ሲያልቅ አንዳንዷ ልጅ በወር ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች፤ አቴንዳንስ የሚይዘው መምህር ደግሞ ሰነፍ ይላታል። የሴቶች ክበብ አንዲት ቁምሳጥን ነበረችው፣ ውስጧ ሞዴስ፤ ቁልፏ ተማሪ እጅ ነው፣ የወሰደ ሰው ስሙ አይጻፍም። ብሩን የምናገኘው ቡና አፍልተን በመሸጥ ነበር። ክበባት ወደ ሦስት ይጠቅለሉ ሲባል መጀመሪያ የምትጠፋው ይቺ ቁምሳጥን ናት። ሪፖርት ላይ ስለሌለች ጎደለች የሚልም የለም።

መምህሩ፦

ልጄ፣ አንቺ የነገርሽኝ ሁለት ክበብ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ስለ 12ቱ ነው።

ቁምሳጥኗን ማንም አይንካት። ግን አስቢው፤ ያችን ቁምሳጥን ያቆማት ክበብ መባሉ ነው ወይስ የአራት ልጆች ቁጭት? ቀሪው ግዳጅ ነው። ተማሪው ሲመዘገብ አንድ ክበብ ምረጥ ይባላል፣ ይመርጣል፤ ረቡዕ ይመጣና ፈርሞ ይወጣል። ተጠሪ መምህሩም ይፈርማል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ ማረፊያው ክበብ ነው። 1ለ5 በነበረበት ዘመን ክበባቱም 1ለ5 ተደራጁ ተባሉ። ያ አልፎ ሌላ ሲመጣ የሌላው መፈክር ተሰቀለ። ለዕቅድና ለሪፖርት የተፈጠረ ነገር ለተማሪ አይሆንም።

መምህርቷ፦

ትንሽ ኮሌጅ ነን ክበብ አይገባንም የሚለው ነው የማይዋጥልኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ትንሽ ነበር። ያ ትንሽ ኮሌጅ የተማሪ ጋዜጣ ነበረው፣ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበረው፣ በበዓሉ ላይ የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ስለ ድሃው ኑሮ የሚናገር ግጥም የተነበበው እዚያ ነው። የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ንግግር የለመዱት በሌክቸር ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ለትንሽ ኮሌጅ ክበብ የበለጠ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ክበብ ቢያጣ ቴአትር ቤት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ሌላው ቢቀር የሥዕል ዐውደ ርእይ ያያል። እኛ ከተማ ረቡዕ ከሰዓት ከጊቢ የወጣ ልጅ የሚያገኘው ፑል ቤትና ጫት ቤት ነው። ማጠናከሪያ ትምህርት ብለው ቢያውጁ ወደ እርስዎ ክፍል የሚመጣው ቀድሞም የሚያጠናው ልጅ ነው። ግማሽን ለሩብ አካፍሎ አንድ ስምንተኛ ያለው ልጅ ፑል ቤት ነው የሚሄድልዎት።

መምህሩ፦

የጠቀስሻቸው ተማሪዎች ለእኔ ነው የሚመሰክሩት። ግጥሙን ላነበበው ልጅ ተጠሪ የመደበለት ማን ነው? ረቡዕ መጥተህ ፈርም ያለውስ? የራሳቸው ስለሆነ ነው ንጉሥ ፊት ለመቆም የደፈሩት። የእኛ ሚኒ ሚዲያ ግን ግጥሙ ከመነበቡ በፊት ቢሮ ገብቶ ይታያል፤ የክፍሉ ቁልፍም አስተዳደር እጅ ነው። አምና ቁልፍ ያዡ ዓመት ፈቃድ ወጣ ተብሎ ሞንታርቦው ሳምንታት ዝም ብሎ ከረመ።

እንግዲህ ዝርዝሩ ይቀደድ። መሰብሰብ የፈለገ ልጅ ይሰብሰብ፣ ክፍል ይሰጠው፣ ቁልፉም ይሰጠው፤ ምዝገባውም ፊርማውም ይቅር። ረቡዕን ለትምህርት ተዉልኝና ክበቡ ቅዳሜ ይሁን።

መምህርቷ፦

ቁልፉን ከሰጡንማ ግማሹን ተግባብተናል። ቅዳሜ ግን አይሆንም፤ ቅዳሜ ተማሪው ስንቅ ሊያመጣ አገር ቤት ይሄዳል። ዓርብ ማታ መናኸሪያውን አይተውት ያውቃሉ? በተለይ ሴቶቹ ቤት ሲደርሱ እንጀራ ጋግረው፣ በሶ አስፈጭተው፣ ልብስ አጥበው እሑድ ማታ ነው የሚመለሱት። ክበቡን ቅዳሜ ማድረግ ከተማ ላደጉ ወንዶች መስጠት ነው።

ረቡዕን እንካፈል። ከ8 ሰዓት እስከ 9 ተኩል ክበብ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 11 የእርስዎ ማጠናከሪያ። ሁለቱም ያለ ፊርማ፤ ለየትኛው ማን እንደሚቀር እናያለን።

መምህሩ፦

ማን እንደሚቀርማ አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። ለዚህ ነው ሒሳቡ ይቅደም የምለው።