ሮቢንሰን ጨዋታውንም ይችልበት ነበር

ስለ አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ በዘመናዊው ከፍተኛ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ባይሆን ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው አይኖርም ማለታቸው ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። እስቲ የቆዳውን ቀለም ለአፍታ እንተወውና ሜዳ ላይ የሠራውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከሁለቱ ዋና የአሜሪካ ቤዝቦል ሊጎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ በምት አማካይ (ለመምታት ከቀረበባቸው ተራዎች በምት በተሳካለት ድርሻ) በ0.342 አንደኛ ነበር። 37 ጊዜ ቤዝ ሰርቆም (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ የሜዳው ማረፊያ ሮጦ ደርሶ) በሊጉ የሚስተካከለው አልተገኘም፤ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ይህን ቁጥር ማንም ለይሉኝታ አይሰጥም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። የማይረባ ኳስ ሲወረወርለት ዱላውን አያነሳም። ለብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን በተጫወተባቸው 10 ዓመታት አራት የማይረባ ኳስ እየተወረወረለት 740 ጊዜ በነፃ ወደ ቤዝ ሲሄድ ሦስቴ ስቶ የወጣው 291 ጊዜ ብቻ ነው።

ደግሞ የ1955ቱን የዋንጫ ፍልሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። ዕድሜው 36፣ ፀጉሩ ሸብቷል። የተጋጣሚው የያንኪስ ወርዋሪ ዋይቲ ፎርድ ሊወረውር ሲል ከሦስተኛው ቤዝ ተፈትልኮ በኳስ ያዡ በዮጊ ቤራ ጓንት ሥር ተንሸራቶ ነጥብ ወደሚያስቆጥረው የመጨረሻው ቤዝ ገባ። ቤራ ዳኛው ላይ እየዘለለ ጮኸ፤ ዕድሜውን ሙሉም «አልገባም» እንዳለ ኖረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮቢንሰን ወደ ሊጉ የገባው በ28 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት በሩ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ስለዚህ አጠቃላይ ድምሩን በ20 ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር አስተያይቶ «ያንሳል» ማለት ግፍ ነው።