ሊሙ ኮሳስ?

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የመንግሥት ገንዘብ ላይ የሚሠራ የኢኮኖሚክስ ጥናት ከመደርደሪያ አይወርድም» ይላል። ለእኔ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። እዚሁ ጅማ ዞን ሊሙ ኮሳን ተመልከቱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ቤተሰቦች መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ የሚታከሙበት) በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ተመራማሪዎች አባል የሆነውንና ያልሆነውን ቤተሰብ አነጻጸሩ። አባላቱ ለተመላላሽ ሕክምና በብዛት እንደሚሄዱ ታየ። ከዚያ መድኑ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። ምዝገባው በቤተሰብ የሆነውም የታመመ ብቻ እየገባ ካዝናው እንዳይራቆት ነው። ይሄ እኮ ንጹህ ኢኮኖሚክስ ነው!

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የመድን ደብተር ይዘን ሄደን «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ስንባል ያን ወጪ ማን ይቆጥረዋል? አጥኚዎቹ እስቲ ደግሞ ፋርማሲ በር ላይ ቆመው ይጠይቁን። መጠይቁንም በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁት፤ ገጠር ላይ አማርኛው ብዙ አያስኬድም።