ማረሻውን ወደን ቀጥቃጩን የጠላን

የመንዝ፣ የጅሩ፣ የቡልጋ፣ የተጉለት ሰዎች ሆይ፣ እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «ቴክኖሎጂ አልደረሰንም» እያልን ማማረር ልማድ አድርገነዋል። ይህንኑ እያወራን ገበያ እንወጣለን። ከገበያው ዳር ግን ወናፉን እያስነፋ ከመኪና ባሌስትራ ማረሻ የሚያወጣ ሰው ተቀምጧል። ብረቱ ምን ያህል መጋል እንዳለበት፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር ከቀለሙ ያውቃል። ትንሽ ቢዘገይ ጫፉ ይለሰልሳል፣ ቢቸኩል ይሰበራል። ይህ ሳይንስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እኛ ምን እናደርጋለን? ዋጋ ተከራክረን ማረሻውን እንወስዳለን። ማታ ልጃችን ሆዱን ሲያመው «ቡዳ በላው» ብለን ያንኑ ሰው እናማለን። ከቤቱ እህል አንቀምስም፣ ልጃችንን አንድርለትም። አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ እንዲቀር፣ ሸማኔውም ጸሐፊውም በሥራው እንዳይዋረድ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። አሳፋሪ ነው።

ጉዳቱ የቀጥቃጩ ብቻ አይምሰላችሁ። መሣሪያ የሚሻሻለው ሠሪና ተጠቃሚ ሲነጋገሩ ነው፦ «እዚህ ጋ ከበደኝ፣ እዚያ ጋ ቶሎ በላ» ሲባባሉ። እኛ ከቀጥቃጩ ጋር የምንነጋገረው «ቀንስ» ብቻ ነው። ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ የአባቱን ሙያ ይደብቃል፤ ዕውቀቱ እዚያው ይቀበራል። ከዚያ ወዲያ ፈጠራ ከየት ይምጣ?

የጅሩዋን እነዋሪን ተመልከቱ። መረሬ በሚባለው ውኃ ቋጣሪ ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ከነሚስቱ ከነልጆቹ አፈር በእጁ እየዛቀ፣ ውኃው እንዲወርድ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ሲያወጣ ኖሯል። ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። መነሻቸው የኛው ሞፈርና ቀንበር ነው፤ በላብራቶሪ ብቻ የተፈለሰፈ አይደለም። ታዲያ የዚያ መሣሪያ ብረት ሲጎብጥ የሚያቀናው ማን ነው? ያው የምንሸሸው ሰው። (አፈሩን ስትዝቅ የኖረችውን ሴት ሐሳቧን የጠየቃት መኖሩንም እጠራጠራለሁ።)

እንግዲህ ወረዳው አዲስ መሣሪያ አምጥቶ ለሠርቶ ማሳያ ሲጠራን «ቀጥቃጩ የታል?» ብለን እንጠይቅ። ካልተጠራ ሄደን እንጥራው፤ መሣሪያውን ፈትቶ ይየው፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር ይንገረን። ምሳ ሲቀርብም ከእኛው ገበታ ይቁረስ።