የሦስተኛ ክፍል ልጅ ድርሰት ይጻፍ ወይስ ፊደሉን ያጥና?

በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከሦስተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜያት በሳምንት ሁለቱ፣ ልጆች ከቤታቸው የሰሙትን ታሪክ ለሚጽፉበት፣ የጓደኞቻቸውን ጽሑፍ ለሚያነቡበትና ሥራቸውን ጠርዘው የክፍል መጽሐፍ ለሚያደርጉበት ተግባር እንዲውሉ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት የክፍሉ መምህርትና ለረጅም ዘመን አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ተከራክረውበታል።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ የልጆቹን ፍቅር በልብዎ ስላሳደሩ አከብርዎታለሁ። ይሁን እንጂ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ ሳያመነታ መለየት ያልቻለን ልጅ ድርሰት ጻፍ ማለት ከመሠረቱ በፊት ጣሪያውን ማቆም ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ሁለተኛ ክፍልን እየጨረሱ አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ብዙ መሆናቸውን አሳይቷል። የኔታ ዘንድ ልጅ ከፊደል ገበታ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስና ወደ ዳዊት የሚሻገረው የያዘውን ሲያደላድል ነበር። ያንን ቅደም ተከተል የምንተወው በምን ምክንያት ነው?

ደጋፊ፦ ጋሼ፣ የፊደል ጥናቱ ይቅር አላልኩም፤ የቀሩት ክፍለ ጊዜያት የእርሱ ናቸው። የምለው፣ ፊደል ማወቅ ብቻውን አማርኛን አያስነብብም ነው። ጽሕፈታችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ልጁ የቱን እንደሚመርጥ የሚነግረው ቅርጹ ሳይሆን የታሪኩ ሐሳብ ነው። የኔታ ዘንድ ተማሪው የሚያነበውን ግዕዝ ትርጉሙን ስለማያውቅ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመምህሩ አፍ ይቀበል ነበር። 64 ልጆች ባሉበት ክፍል እኔ ለእያንዳንዱ እንዲያ ልሆንለት አልችልም። ራሱ የጻፈውን ሲያነብ ግን «አለ ጅቡ» የሚለው ላይ ሲደርስ አይሳሳትም፤ ጅቡን ያናገረው እርሱ ነውና።

ተቃዋሚ፦ ስለ ማጥበቅና ማላላት ያነሡትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ነጥቡ በራስዎ ላይ ይመለሳል። ይህ ሐዋሳ ነው። ከቤቱ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ እየተናገረ የሚመጣ ልጅ፣ ያውም ሲዳሙ አፎን በላቲን ፊደል እየተማረ፣ ባልለመደው ቋንቋ የሚጠብቀውን ከሚላላው በሐሳቡ ይለየዋል? ሌላው እርማት ነው። ለአንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጡ፣ 64ቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳሉ። ሳይታረም የተጠረዘ ስህተት ደግሞ ለሚያነበው ጓደኛ ትምህርት ይሆንበታል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ደጋፊ፦ ቤት የተሰማ ታሪክ ያስፈለገው ስለዚሁ ነው። ከቤቱ በሲዳሙ አፎ የሰማውን የሚጽፍ ልጅ ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ የሚጎድለው ቃል ብቻ ነው። አንድ ተማሪዬ ከዓሣ አስጋሪ አባቱ ጋር አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ውሎ መጥቶ፣ ትላልቆቹ አሞራዎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ያየውን ሊጽፍ ፈልጎ «መረብ» የሚለው ቃል ጠፋው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ነገረችው። ያንን ቃል በቃለ ጽሕፈት አሥር ጊዜ ባስጽፈው ኖሮ እንዲያ የሚይዘው አይመስለኝም። እርማቱን በተመለከተ በየቀኑ የአንድ ረድፍ ደብተር እሰበስባለሁ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ አርማለሁ። ያልታረመና እንደገና በንጽሕና ያልተገለበጠ ጽሑፍ አይጠረዝም።

ተቃዋሚ፦ ረድፍ በረድፍ ማረሙ ይቻላል እንበል። ቢሆንም አሁንም ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበዛል እላለሁ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለፊደልና ለቃለ ጽሕፈት ይሁን፤ በሁለተኛው አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞከር።

ደጋፊ፦ እንዲያ ከሆነ ማንበብ ያቃተው ልጅ እስከ የካቲት የራሱ የሆነ አንድ መስመር ሳይኖረው ይቀመጣል፤ በዚህ አልስማማም። ሦስተኛ «ሀ» በእኔ ሐሳብ፣ ሦስተኛ «ለ» በእርስዎ ሐሳብ ይማሩና በጥር ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ምንባብ ይፈተኑ።

ተቃዋሚ፦ እስማማለሁ። ምንባቡን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ፤ ልጆቹ በቃለ ጽሕፈት ከጻፉት በኋላ አንድ በአንድ ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡታል፤ «አለ»ም «ገና»ም ይኖሩበታል።