«ይቺን ወር አልደግማትም» ለሚሉ ጀግኖች የቀረበ ውዳሴ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ዋሸራና ጎንጅ ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ዓርብ ማታ ባሕር ዳር ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ጣና ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ገብቶ ይቀመጥ። ጥብሱ በሸክላው ላይ እየተንጫጫ ሲመጣና ድራፍቱ ሲደገም፣ ደህና ደመወዝ የሚበላ አንድ የባንክ ሰው ክራቫቱን አላልቶ ቅኔውን ይዘርፋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ የእሱም ሁለት ቤት ናት፦ «ይቺን ወር አልደግማትም። ልጆቹ ባይኖሩማ!» ሰሙ ምሬት ነው፣ ወርቁ ደመወዝ። ጠረጴዛውን የከበቡት ባልደረቦቹ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፤ ቀጥሎ የእነሱ ተራ ነዋ። የቅርንጫፍ ግምገማ የዋለ ዕለት ደግሞ ነገሩ ወደ መወድስ ያድጋል። ስምንት ቤት ሙሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ዲስትሪክቱ፣ ኮታውና የሚቆራረጠው ሲስተም በየቤታቸው ይገባሉ።

ክፉ ሰዎች እነዚህን ጀግኖች ያጎረሳቸውን እጅ ነካሾች ይሏቸዋል። ሐሰት ነው። አንዳቸውም እጁን ነክሰው አያውቁም። እየጎረሱ ስለ ጨዉ ማነስ ነው የሚያወሩት፤ ያውም አፋቸው ሞልቶ፣ በጭንቅ።

ሥራው የሚያስመርር መሆኑን መካድ አይገባም። የባንክ ሠራተኛ ሲባል ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። በጎጃም ከተሞች ያለ የቅርንጫፍ ሰው ሰኔ ሲገባ የሚውለው ገበያ ነው፤ ተቀማጭ አሰባስብ ተብሎ የግሉን ኮታ ተቀብሏል። ፍኖተ ሰላም ላይ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን በር ተቀምጦ ያስነጥሳል። ቢቸና ላይ ጤፍ ነጋዴ ሲለማመጥ ልብሱ ዱቄት ይመስላል። ሰበካ ጉባኤው የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ የት እንደሚያስገባ ለማወቅ ሲል ሳያስበው አስቀዳሽ ሆኗል። ሰርግ ሄዶ የሚያየው ሙሽራውን አይደለም፣ የሙሽራውን አባት ነው፤ ለቅሶ ሄዶ የሚያጽናናው የእድሩን ገንዘብ ያዥ ነው። ሰኔ 30 ሌሊት ሒሳብ ሲዘጋ ከተቆጠረው ገንዘብ ላይ ጉድለት ከተገኘ ደግሞ ከራሱ ኪስ ይተካል። ይህን ሥራ መጥላት የጤነኛ ሰው ምልክት ነው። የሚደነቀው ጥላቻውን እንዲህ ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ጠብቆ ማቆየቱ ነው።

ሊለቅ ነው እኮ! ያጣው ወር ብቻ ነው። መስከረም አይሆንም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ኦዲቱ አልቆ፣ ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው፣ ቦነሱ የሚወሰንበት ሰሞን ነው፤ ዓመት ሙሉ ተቃጥሎ ቦነሱን ለባንኩ መርቆ የሚሄድ ሰው እንዳለ አልተሰማም። ታኅሣሥ ገና አለ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ለዘመድ ያለ ደመወዝ በምን ፊት ይኬዳል? የካቲትና መጋቢት ጾም ነው፤ በባዶ ሆድ ትልቅ ነገር አይወሰንም። ሚያዝያ በግ አለ። ግንቦት ላይ ሊለቅ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ግን የሰኔ መዝጊያ ደረሰና ባልደረቦቹን ለዚያ ጉድ ጥሎ መሄድ ነውር ሆነበት። ሐምሌ ጭማሪ አለ ተብሎ ይወራል። ነሐሴ ላይ በጎጃም ዝናብ ማን ከቤት ወጥቶ ሥራ ይፈልጋል? የቀረችው ጳጉሜ ናት። እሷም አምስት ቀን ናት፣ ብትረዝም ስድስት፤ ማስጠንቀቂያው ግን 30 ቀን ነው።

ማስጠንቀቂያውን ካነሳን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእነዚህ ጀግኖች ትልቅ ፈተና ሆኖባቸዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ በማስታወቅ ብቻ መልቀቅ ይችላል ይላል። ፈቃድ የለ፣ ልመና የለ። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በራሱ ፈቃድ ቢለቅ እንኳ፣ በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። አምስት ዓመት የሠራ 70 ቀን አለው። የሥራ ልምድ ማስረጃም ከጠየቀ ሊከለከል አይችልም። እንዲህ ወለል ብሎ የተከፈተ በር አጠገብ ተቀምጦ «መውጫ አጣሁ» ማለት ለተራ ሰው የሚቻል አይደለም። ልምምድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለጀማሪዎች የሚሆን ምክር መተው ተገቢ ነው። ጀማሪ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሥራህ ራስህን በደንብ ማሰር ነው። ማንም አያስርህም፤ ሁሉም በገዛ ፊርማህ ነው።

ደመወዝህ 60,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ የላይኛው እርከን 35 በመቶ ነው፤ 35 በመቶው 21,000፣ ከዚያ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 18,950 ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ 4,200። እጅህ የሚገባው 36,850 ብር ነው። አገር ቤት ያለው ዘመድህ ግን የሚያውቀው ስድሳውን ስለሆነ ተስካሩም፣ ማኅበሩም፣ የወንድምህ ልጅ ትምህርትም በስድሳው ነው የሚታሰብልህ። አታርመው፤ ለምሬት ይጠቅምሃል።

ቀጥሎ ቤት። የሠራተኛ ብድር ከባንክ ባንክ ቢለያይም 2 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚከፈል ወሰድክ እንበል። ወርሃዊው 15,506 ብር ነው። ያው ብድር ለውጭ ሰው በ17 በመቶ ቢሰጥ 29,336 ይሆን ነበር፤ ይህን ስትሰማ ደስ ይበልህ፣ ፈርም። ስትፈርም ግን «ሠራተኛው ሥራውን ቢለቅ» የሚለውን አንቀጽ እንዳታነብ። እዚያ ላይ ወይ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ወይ ወለዱ ወደ ገበያው ይዞራል ተብሎ ተጽፏል።

አምስት ዓመት ይለፍ። 930,000 ብር ገደማ ከፍለሃል። ዋናው ብድር ስንት ወረደ? 275,000 እንኳ አልሞላም፤ ሌላው ወለድ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ነው የሚቆረጠው። ቀሪው 1,725,000 ብር ነው። ያን ቀን ብትለቅና ወለዱ 17 በመቶ ቢሆን፣ በቀሩት 15 ዓመታት በየወሩ ወደ 26,550 ትከፍላለህ። ከበፊቱ የሚበልጠው 11,000 ብር ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ትልቁ አደጋ አለ፣ ጀማሪ ሆይ ተጠንቀቅ። ይህን 11,000 ብር በፍጹም እንዳታሰላ! ያሰሉት ሰዎች ከሁለት አንዱ ደርሶባቸዋል። አንዳንዶቹ «ለዚህማ ነው እንዴ እንቅልፍ የማጣው?» ብለው ለቀዋል። ሌሎቹ «አይ፣ 11,000 ብዙ ነው፣ እቀመጣለሁ» ብለው ዝም ብለዋል። ሁለቱም ለዓርብ ማታው ጠረጴዛ ሞተዋል። ያላሰላ ሰው ግን ሰንሰለቱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ስለማያውቅ እንደ ፈለገ ያከብደዋል። ቤቱን ሸጦ ብድሩን ዘግቶ መውጣት ይቻላል የሚል ሰው ካጋጠመህም ወሬውን ቀይር። ገዢው ቀሪውን ዕዳ ለባንኩ ይከፍላል፣ ባንኩ ካርታው ላይ ያለው እገዳ እንዲነሳ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስሙ ይዛወራል፤ ተራ ነገር ነው፣ የአንተው ክፍል በየጊዜው የሚሠራው ሥራ ነው። ለደንበኛ እንጂ ለራስ አይሠራም።

ቤቱ ብቻ አይበቃም። እቁብ ግባ። ሃያ ሰው፣ በወር 5,000፣ ዕጣው 100,000 ብር። ዋናው ነገር ቶሎ መውጣት ነው፤ በሦስተኛው ወር ከደረሰህ አሥራ ሰባት ወር ዕዳ አለብህ፣ ገንዘቡ ደግሞ ለቪትዟ ጎማና ለሳሎን መጋረጃ አልቋል። ዳኛው አያስወጣህም፣ ዋስህም አይለቅህም። ለሁለት ባልደረባ ደመወዝህን ዋስ አድርገህ ፈርም፤ አንዱ እንደሚጠፋ እርግጠኛ ሁን። በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ማስተርስህን ተማር። ውሉ ያሰረህን ዓመት ሳትጨርስ ብትለቅ ወጪውን ትመልሳለህ፤ ያ የ70 ቀን የስንብት ክፍያም በዚሁ ግዴታ ምክንያት ይቀርብሃል። አንድ ፊርማ፣ ሁለት ቋጠሮ። ከዚያ በማስተርስህ ምክንያት ደመወዝ ይጨመርልህና እንደገና ብድር ታስፈቅዳለህ።

ስለ ሕልምም ትንሽ እንበል፤ ምሬት ያለ ሕልም ደረቅ እንጀራ ነው። ሕልሙ «የራሴን ሥራ» ይባላል። በጎጃም ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከብት ማድለብ ነው፣ ወይ ንብ። ጀግናችን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስለ ዘመናዊ ቀፎ የማያውቀው የለም። ፍሬሙን፣ ንግሥት ማገጃውን፣ ማር መጭመቂያውን፣ ከባህላዊው ቀፎ ስንት እጥፍ እንደሚሰጥ፣ የአደይ አበባው ማር ለምን እንደሚወደድ ይተነትናል። ታዲያ ማሩ የሚቆረጠው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ቦነሱም ያኔ ነው። ሁለት ማር በአንድ ጊዜ አይቆረጥም።

አንዳንድ አዋቂ ነን ባይ «ሥራህን ሳትለቅ ሁለት ቀፎ እናትህ ጓሮ ስቀልና ሞክር፤ ንቡ ቢሰደድ የሚጎዳህ የሁለት ቀፎ ዋጋ ነው፣ ቢጸና ግን በዓመቱ ታውቀዋለህ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ምክር ሕልም ያበላሻል። ሁለት ቀፎ ቢሰቀል ንብ ይናደፋል፣ ጉንዳን ይገባል፣ ክረምት ላይ ካልቀለቡት መንጋው ይመነምናል፤ ከቀፎው የሚወጣው ሰምም ወርቅ የሌለው፣ በኪሎ የሚሸጥ ሰም ብቻ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ቀፎ ግን ንቡ አይሰደድበትም።

ለማንኛውም ምሬት አድማጭ ይፈልጋል፤ ከአድማጮች ሁሉ የተመረጠው የልጅነት ጓደኛ የሆነ መምህር ነው። መምህሩ የራሱን ሁለት ድራፍት ሒሳብ ከቤቱ ቆጥሮ፣ ለብቻ ኪስ ከትቶ ነው የሚመጣው። ጥብሱ ላይ እጁን የሚሰድደው ሲጠራ ብቻ ነው። ጀግናው ትከሻውን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «አንተ እኮ ታድለህ! የሕሊና እረፍት አለህ። ክረምቱን ሙሉ ታርፋለህ። ማን ኮታ ይልሃል?» ይለዋል።

መምህሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እንግዲያው ና። ትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር ጎድሎበታል። ዲግሪህ ይበቃል፣ ርዕሰ መምህሩን እኔ አነጋግርልሃለሁ።»

ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ጀግናው የብርጭቆውን ላብ በአውራ ጣቱ እየጠረገ ይቆያል።

«እሱስ ጥሩ ነበር» ይላል በመጨረሻ። «ቦነሱ ይውጣና…»

«ይበል! ይበል!» ይላሉ ባልደረቦቹ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የመልቀቂያ ደብዳቤውም ይከፈታል። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ «ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቅን ይመለከታል» ከሚለው በታች የሚለዋወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እየታሸ እየታሸ እንዲያምር ሆኗል፤ «በግል ምክንያት» የነበረው «በግል ጉዳይ» ተደርጓል፣ አራት ነጥቡ ቦታውን ይዟል። ቀኑን አስተካክሎ፣ አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ማተሚያው ላይ ወረቀት መኖሩን ለማየት ብድግ ሲል ስልኩ ይጮኻል። የበርበሬ ነጋዴው ነው። ገንዘቡን ሌላ ባንክ ሊያስገባ እያሰበ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ በእመብርሃን! አሁን መጣሁ፣ እዚያው ይጠብቁኝ!»