ነገ ከሰማይ የሚወርደው ነገር ብዙዎችን እያነጋገረ ነው

በደጉ ዘመን የአየር ጠባይ ዜና ርዕሱ «ነገ ዝናብ ይጥላል» ነበር። መንገደኛው በጋዜጣ አዟሪው አጠገብ ሲያልፍ ገረፍ አድርጎ ያነብባታል፤ ሳንቲም ሳያወጣ ቤቱ ገብቶ ጃንጥላውን ያዘጋጃል። አዘጋጁም አይቀየመውም። የርዕስ ሥራ መናገር ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» የሚለውን ሳያሟላ የመጣ ጀማሪ ጋዜጠኛ ጽሑፉ ተመልሶ ይወረወርለት ነበር።

ዛሬ ያው ዝናብ ሲመጣ «ነገ ከሰማይ የሚወርደው ነገር ብዙዎችን እያነጋገረ ነው» ይባላል። ከርዕሱ ሥር ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ ጭኖ አፉን የከፈተ ሰው ፎቶ አለ፤ ሰውየው ከዝናቡም ሆነ ከጋዜጣው ጋር ዝምድና የለውም። ወደ አንድ ደመና የሚጠቁም ቀይ ቀስትም አለ። የተደናገጠው አንባቢ ይጫናል፤ ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሁለት ማስታወቂያ ይዘጋል፤ ሦስተኛውን ሊዘጋ ሲል ይከፍተዋል፤ ከሄደበት ተመልሶ ዝናብ ለሰው ልጅ ያለውን ጠቀሜታ የሚያትቱ አራት አንቀጾች ያነብባል፤ በአምስተኛው ላይ ነገ እንደሚዘንብ ይነገረዋል። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ አንድ ደግ ሰው ግን አስተያየት መስጫው ላይ «ዝናብ ነው፤ አትድከሙ» ብሎ ጽፏል። ርዕስ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ይህ ደመወዝ የሌለው ሰው ነው። የሚያገኘው ላይክም ከዜናው ይበልጣል።

ሞትና ሽረትም እንዲሁ ሆኗል። «ድምፃዊው አድናቂዎቹን በእንባ አራጨ» የሚል ርዕስ አይታችሁ ነፍስ ይማር ብላችሁ ትገባላችሁ። ሰውየው አልሞተም፤ አዲስ ሥራውን ሲያስመርቅ ታዳሚው በደስታ አልቅሶ ነው።

ይህ ነገር እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ብርቱ ድካም አለበት። በ2012 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው አፕወርዚ የተባለ ድረ ገጽ ጸሐፊዎቹ ለአንድ ጽሑፍ 25 ርዕስ እንዲያወጡለት ያደርግ ነበር። ከዚያ ውስጥ ብዙ ጣት የሳበው ይመረጣል። ጽሑፉ አንድ፣ ርዕሱ 25 በሆነበት ቤት ማን ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ አያስፈልግም።

አንጋፋ ጋዜጠኞች ሲገናኙ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱና በስልኩ ላይ ይደፈድፉታል። «እኛ እኮ የምንሸጠው እውነት ነበር» ይላሉ። በዕድሜ ለሚበልጡኝ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እንደዚያ አልነበረም። በ1833 ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አሳታሚ ኒውዮርክ ላይ «ሰን» የተባለ ጋዜጣ ጀመረ፤ ሌሎች ጋዜጦች በ6 ሳንቲም ሲሸጡ የእርሱ ዋጋ 1 ሳንቲም ነበር። ለሕዝቡ ዕውቀት አዝኖ አልነበረም። አንባቢውን በርካሽ ሰብስቦ ለማስታወቂያ አስነጋሪ በውድ ሊሸጠው ነው። ይኸው ጋዜጣ በ1835 ጨረቃ ላይ ክንፍ ያላቸው ሰዎች ታዩ ብሎ በተከታታይ ጻፈ፤ ሕዝቡም እየተሻማ ገዛው። ያን ጊዜ ፌስቡክ የሚባል የለም፤ ጥፋቱን የሚደፈድፉበት ስልክም የለም።

እንዲያውም ዜና በማስታወቂያ ቤት የሚኖር ተከራይ ነበር። ኪራይ ሳይጠየቅ ብዙ ዘመን በመቆየቱ የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ ብሎ አመነ። የሚቀመጠው እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ እንግዳውም የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው። ቤቱን ያቆመው ግን በጓዳ በኩል በደቃቃ ፊደል የተደረደረው «ውሻዬ ጠፍቶብኛል»፣ «ያገለገለ ሶፋ ይሸጣል»፣ «ጸጥተኛ ተከራይ እፈልጋለሁ» የሚለው ነው። እነዚያ መስመሮች ጠብ ጠብ እያሉ ተጠራቅመው የጦር ግንባሩን ዘጋቢ ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። ዘጋቢው የጠፋ ውሻ ባለውለታው መሆኑን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ እንኳ አያምንም።

በ1995 ክሬግ ኒውማርክ የተባለ ሰው ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ለወዳጆቹ ስለ ከተማዋ ዝግጅቶች ኢሜይል መላክ ጀመረ። ኢሜይሉ አድጎ ክሬግስሊስት የተባለ ድረ ገጽ ሆነ፤ አብዛኛውን ማስታወቂያም በነፃ ያወጣ ጀመር። ውሻው ወደዚያ ሄደ። ሶፋው ተከተለው። ጸጥተኛው ተከራይም ጸጥ ብሎ ወጣ። ዋና አዘጋጆች ጉዳዩ የሶፋ ነው ብለው ናቁት፤ በኋላ ግን ዘጋቢውን ከግንባር የሚጠራ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ።

የቀሩትን ትልልቅ ማስታወቂያዎች ደግሞ ኢንተርኔት በሌላ በር ወሰዳቸው። በጥቅምት 1994 «ሆትዋየርድ» በተባለ ድረ ገጽ ላይ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ያወጣውን ማስታወቂያ ካዩት ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ ተጫኑት ይባላል። ዛሬ ከመቶ ሰው አንድ የሚጫን ቢገኝ አስነጋሪው በደስታ ያብዳል። ያኔ ሰው ማስታወቂያ ሲጋብዘው እሺ የሚል ጨዋ ነበር። በ2000 ጉግል በፍለጋ ቃላት ላይ ማስታወቂያ መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ነጋዴው ገንዘቡ የት እንደገባ በየሰዓቱ የሚቆጥርበትን መንገድ አገኘ። ከዚያ በኋላ «ጋዜጣችን በተከበሩ ሰዎች ዘንድ ይነበባል» ብሎ ማስታወቂያ የሚለምን ሰው ወሬኛ መሰለ።

የቆጠራው ብልኃት ግን ብልኅነቱ እስከዚህም ነው። ጫማ ገዝታችሁ፣ እግራችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ተረከዙ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ እንኳ የዚያው ጫማ ማስታወቂያ ከገጽ ገጽ ይከተላችኋል። ስለ ረሀብ ታነባላችሁ፣ ጫማው አለ። ስለ ምርጫ ታነባላችሁ፣ ጫማው አለ፤ አሁን በቅናሽ።

ቁጥር አንዴ ከገባ መች ይወጣል? በዜና ክፍሉ ግድግዳ ላይ የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳዩ ሰዓቶች ተሰቅለው ነበር፤ ዛሬ ቦታውን የያዘው የትኛው ዜና በዚህች ደቂቃ ስንት ሰው እንዳለው የሚያሳይ ስክሪን ነው። የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ዋና አዘጋጁ አንገቱን ወደዚያ አቅንቶ ይጠይቃል።

«የበጀቱ ትንታኔ እንዴት ነው?»

«ሁለት መቶ ሰው ገብቷል። ሠላሳው እኛው ነን።»

«እንቁላሉስ?»

በእንቁላሉ አትሳቁ። በጥር 2019 ኢንስታግራም ላይ የወጣ የአንድ እንቁላል ፎቶ፣ ያለ ምንም ማጌጫ፣ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ ካይሊ ጄነር በ18 ሚሊዮን ላይክ ይዛው የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2016 በዝፊድ የተባለ ድረ ገጽ ሁለት ሠራተኞች አንድ ሐብሐብ መካከል ላይ አስቀምጠው፣ እስኪፈነዳ ድረስ ላስቲክ በላስቲክ ላይ ያስሩበት ጀመር። ሥራው 45 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ በአንድ ጊዜ ከ800 ሺህ በላይ ሰው በቀጥታ እየተከታተለ ነበር። በማግስቱ የተከበሩት ጋዜጦች ስለ ሐብሐቡ ትንታኔ ጻፉ። ቪዲዮውን ፈልጌ አይቼዋለሁ፤ እውነት እላለሁ፣ የትኛውም የበጀት ዘገባ ልቤን እንደዚያ ሰቅሎት አያውቅም።

አሳታሚዎቹም ከሐብሐቡ ትምህርት ወሰዱ፤ የወሰዱት ግን የተሳሳተውን ነው። ሕዝቡ ማንበብ ትቷል፣ የሚፈልገው ቪዲዮ ነው ተብሎ ጸሐፊዎች እየተሰናበቱ ካሜራ ተገዛ። በ2016 ፌስቡክ ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች የሚያሳየው አማካይ የቪዲዮ መመልከቻ ጊዜ ከእውነቱ በላይ ተጋኖ መቆየቱን አመነ። አማካዩ ሲሰላ ከ3 ሰከንድ በታች አይተው የሄዱት ከሒሳቡ ውጪ ነበሩ። ገብቶ ወዲያው የወጣው ሁሉ እንዳልመጣ ተቆጠረ ማለት ነው፤ በዚህ አቆጣጠር አሰልቺ ሰው የለም። የተሰናበቱትን ጸሐፊዎች መልሶ የጠራ ግን አልሰማሁም።

መንግሥታት ለማስታረቅ ሞክረዋል። ካናዳ በ2023 እንደ ፌስቡክና ጉግል ያሉ መድረኮች ለዜና እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታም ከመክፈል ይልቅ በዚያው ዓመት ነሐሴ እዚያ ዜናን ከሁለቱም ማገድ ጀመረ። ሕዝቡ ፌስቡክን ጥሎ ወደ ጋዜጣ ይጎርፋል ብሎ የጠበቀ ካለ አሁንም እየጠበቀ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በበኩሉ በ2022 ዎርድል የተባለውን ባለ አምስት ፊደል የቃል መገመቻ ጨዋታ ገዛ። ደንበኞቹ ዛሬ ለጨዋታና ለምግብ አሠራር ጭምር ይከፍላሉ። ውሻው ያስታጎለውን ደመወዝ እንቆቅልሽ እየሸፈነው ነው።

ለእንቆቅልሹ አቅም የሌላቸው ጣቢያዎች ግን ዜና አንባቢዎቻቸውን አሠልፈዋል። በአንዱ ጣቢያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስሙን ብዘልለው ይሻላል። ክራቫቱ ዝንፍ ብሎ የማያውቅ፣ የመንግሥት ግልበጣን ከጎርፍ በማይለይ ድምፅ የሚያነብ አንጋፋ ሰው አላቸው። የማኅበራዊ ሚዲያ ክፍል ኃላፊ የሆነው ልጅ ስልኩን አቁሞ መብራት ደቀነባቸው።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ወደ ላይ ይጠቁሙ።»

«ምን አለ እዚያ?»

«አሁን ምንም የለም። ጽሑፉ በኋላ ይመጣል።»

«ምን የሚል ጽሑፍ?»

«እሱን እንወስናለን። ከዚያ ወደ ግራ ይጠቁሙ፤ ፈገግ ብለው።»

«ልጄ፣ ዜናው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።»

«እንግዲያው በግማሽ ፈገግታ።»

ጠቆሙ። ባዶውን አየር እንደ መምህር በጣታቸው አሳዩ፤ «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ» የሚለውንም በዚያው የመንግሥት ግልበጣ ድምፅ አነበቡት። 41 ሰው አየው። ቀረጻው ሳይቆም ግን ክራቫታቸውን ፈትተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንኑ መነጽር ጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው ሲፈልጉ ስልኩ ይዟቸው ነበር። «እዚሁ ነበር ያስቀመጥሁት፤ ይህ ቤት ሰውም ዕቃም አያቆይም» ይላሉ። ልጁ ይህንን ቆርጦ ለቀቀው። በአንድ ሌሊት ሁለት ሚሊዮን ሰው ተመለከተው፤ የአንድ መነጽር ሻጭ ድርጅትም ማስታወቂያ ልሥራበት ብሎ ደወለ።

ሰውየው በማግስቱ ቢሮ ሲገቡ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን ተነሥቶላቸው አያውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅዎ፤ ሐሙስ ደግሞ ቁልፍ ይጥፋብዎት።»