ሃቭ ይደረብለት

ደብረ ብርሃን ብርዷ የታወቀ ነውና ግስ እንኳ ራቁቱን አይወጣም። ምስጋናው ማመልከቻና ሲቪ ለሚያስጽፉ፣ በየስብሰባው በእንግሊዝኛ ሪፖርት ለሚያቀርቡ ወገኖቻችን ይሁን። «ግራጁዌትድ» ብርድ እንዳይመታው «ሃቭ» ይደርቡለታል፦ «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን 2012»። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው!

እንግሊዝ ግን አንጀት የለውም። ያለፈው ጊዜ ተቆርጦ ከተጠራ፣ ማለትም «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ይርስ አጎ»፣ «ኢን 2012» ከተባለ፣ «ሃቭ»ን ደጅ አያስደርስም፤ «አይ ግራጁዌትድ» ብሎ «ሃቭ» በሌለው ኃላፊ ጊዜ፣ በሲምፕል ፓስት፣ ይሸኘዋል። «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚደረብበትን ፕረዘንት ፐርፌክትን የሚፈቅደው ጊዜው ካልተጠራ ወይም ገና ካላለቀ ነው። ለዚህም ሰዓት ያያል፦ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት «አይ ሃቭ ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ያለው ሰውዬ፣ ከምሳ በኋላ «አይ ሶ ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ይላል። እኛ እንዲህ ዓይነት ቁጥቁጥነት አናውቅም። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ብለን ማን ተቆጥቶን ያውቃል? ያንኑ ቸርነት ሳንቀንስ ወደ እንግሊዝኛው አሻገርነው፤ በቃ።

ትልቁ ውለታ ግን ለሙታን የተዋለው ነው። «ዘርዓ ያዕቆብ ሃዝ ፋውንድድ ደብረ ብርሃን» ሲባል፣ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ንጉሥ ዛሬ ጠዋት ሪባን ቆርጠው ቁርስ ላይ ያሉ ይመስላል፤ «ሃዝ» ትኩስ ዜና ማብሰሪያ ነዋ። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክም «ሃዝ ቢን ቦርን» ሲባልላቸው እትብታቸው ገና አልደረቀም።

ሲቪው ላይ ደግሞ በረከቱ ይበዛል። «አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ያለ አመልካች፣ ለአንባቢው ዛሬም እዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ሥራውን ከለቀቀ «አይ ወርክድ» ብሎ በተገላገለ። ግን ለምን? አሁን ሳይለቅ ለቅቋል፣ ለቅቆም አለቀቀም፤ ቀጣሪው ይጨነቅ። አንዳንዱ ለክብር ሲል «ሲንስ ስሪ ይርስ» ይጨምርበታል። «ሲንስ» የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ «ሲንስ 2013» እንደማለት። ርዝመቱን የሚለካው «ፎር» ነው። ይህን ያህል ማን ይጨነቃል!

ከሁሉ የሚደነቁት ግን አንዳንድ አለቆች ናቸው። ሄዶ የተመለሰ ሰው «ሃዝ ቢን»፣ ሄዶ እዚያው የቀረ «ሃዝ ጎን» ይባላል። እነርሱ ግን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «አይ ሃቭ ጎን ቱ አዲስ አበባ» ይሉናል። 130 ኪሎ ሜትር ርቀው ሳለ ፊት ለፊት ያነጋግሩናል ማለት ነው። ፊርማ ፈላጊዎች በረንዳው ላይ እስኪመለሱ እየጠበቅን ነው።